«ብርዱ ነው» ብዬ ያለፍኩት እጅ

ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ በኅዳር ሌሊት የበሽተኛ እጅ ቢቀዘቅዝ ማንም አይደነግጥም። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ብሠራ ኖሮ ያ እጅ ወዲያው ያባንነኝ ነበር። እኛ ጋ ግን ውርጭ አለ። ስለዚህ የአባባን እጅ ነካሁና «ብርዱ ነው» ብዬ ሌላ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አባባ ከመንዝ የመጡ ገበሬ ናቸው። የታችኛው አንጀታቸው ተጠምዝዞ ኦፕራሲዮን ተደረጉና ማታ 1 ሰዓት ላይ ዋርድ ገቡ። «አባባ፣ ያምዎታል?» ስላቸው «ተመስገን ነው ልጄ» ይሉኛል። በ4 ሰዓትም ተመስገን፣ በ6 ሰዓትም ተመስገን።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ልጃቸው መጣ። «ሲስተር፣ አባቴ ውሃ ውሃ እያለ ነው፤ እረፍት አጥቷል።»

እጄ ወደ ሕመም ማስታገሻው፣ ወደ ትራማዶሉ ሊሄድ ነበር። ከኦፕራሲዮን የወጣ ሰው ሲቁነጠነጥ ሕመም ነው ብሎ ማለፍ ይቀናናል። የተማርነው የክሊኒካል ሪዝኒንግ (ስለ በሽተኛው አስቦ የመወሰን) ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ ምልክት ሰብስቢ፣ አያይዢ፣ ችግሩን ለዪ፣ ከዚያ ሥሪ ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ይህንኑ የምንጽፍበትን የነርሲንግ ፕሮሰስ ፎርም የምንሞላው ተረኛነታችን ሲያልቅ፣ ለፋይሉ ብለን ነው። ያን ሌሊት ግን ቻርቱን ገልጬ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ደረደርኳቸው።

ማታ 2 ሰዓት፦ የልብ ምት 88፣ የደም ግፊት 118/76።
4 ሰዓት፦ 104፣ 112/84።
6 ሰዓት፦ 122፣ 106/88።

እያንዳንዱ ግፊት ለብቻው ሲታይ ደህና ነው። 4 ሰዓት ላይ እንደዚያ ብዬ አልፌዋለሁ። ሲደረደሩ ግን የላይኛውና የታችኛው እየተቀራረቡ ነው፤ ልዩነታቸው ከ42 ወደ 28፣ ከዚያ ወደ 18 ወርዷል። ደም ሲጎድል ሰውነት የደም ሥሮቹን አጥብቦ ግፊቱን ያቆያል፣ ልብም ይፈጥናል። የላይኛው ግፊት እስኪወድቅ ከጠበቅን ከደሙ 30 በመቶ ገደማ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ሽንታቸውን አየሁ። አባባ 60 ኪሎ ናቸው፤ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ይጠበቃል። ባለፉት 2 ሰዓታት የመጣው ግን በድምሩ 25 ብቻ ነው። የሽንት ቱቦውን (ካቴተሩን) እስከ ከረጢቱ ድረስ ተከተልኩት፣ አልታጠፈም። ፊኛቸውም አልተወጠረም። የቁስሉ ፋሻ ደረቅ ነው፤ ግን ደም ወደ ውስጥም ይፈስሳል።

የቀረው ብርዱ ነው። ብርድ ከሆነ ልጁም በርዶታል፤ እዚያው ክፍል መሬት ላይ ጋቢ ለብሶ ነው የተኛው። የሁለቱንም ጥፍር 5 ሰከንድ ተጭኜ ለቀቅኩ። የልጁ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ቀላ። የአባባ 4 ቆጠርኩ። ብርድ ልብሱ ሥር ያለውን የደረታቸውን አጥንትም ተጫንኩ። እሱም ዘገየ። ብርዱ አይደለም።

4 ሰዓት ላይ፣ ግፊቱን ደህና ነው ብዬ ባልፈውም፣ ለተረኛው ሐኪም ደውዬ «ትንሽ ደህና አይመስሉኝም» ብዬው ነበር። «ፈሳሽ ጨምሪላቸው» አለኝ። አልፈርድበትም፤ የሚጨበጥ ነገር አልነገርኩትም። አሁን ግን «ዶክተር፣ ዛሬ አንጀታቸው የተቆረጠው አባት የልብ ምታቸው ከ88 ወደ 122 ወጥቷል፣ ግፊታቸው እየጠበበ 106/88 ሆኗል፣ ሽንታቸው ባለፉት 2 ሰዓታት 25 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ካቴተሩ ክፍት ነው። ሆዳቸው ውስጥ እየደሙ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተህ እያቸው» አልኩት። «እየደሙ ይመስለኛል» የሚለውን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ችግሩን በስሙ መጥራት የሐኪም ሥራ ነው ብለን ስላደግን ነው። የነርስም ሥራ ነው።

ሐኪሙ እስኪደርስ ኦክስጅን አደረግሁላቸው፣ ሁለተኛ ወፍራም ካኑላ (በደም ሥር ፈሳሽ መስጫ ቱቦ) ከፈትኩ፣ ለክሮስ ማች፣ ማለትም የሚሰጣቸው ደም ከደማቸው መስማማቱ እንዲመረመር፣ ደም ቀዳሁ። አባባ ወዲያው ተመልሰው ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ። የአንጀቱን ደም ከሚያመላልሱት ሥሮች አንዱ የታሰረበት ክር ተንሸራቶ ነበር። እንደገና ታሰረ፤ 2 ከረጢት ደም ተሰጣቸው።

በማግስቱ ማታ ተረኛ ስመለስ መጀመሪያ እጃቸውን ያዝኩ። ሞቋል። የልብ ምት 90፣ የመጨረሻው ሰዓት ሽንት 45። «ያምዎታል?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ ሲያስላቸው ግን ቁስሉ ካመማቸው ይታያል። «አባባ፣ እስቲ ይሳሉልኝ» አልኳቸው።

ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ሳሉ። «ኧረ ልጄ፣ ያማል» አሉኝ።