የውዱእ ውሃ እንደ ሳይንስ ፕሮጀክት

ድሬዳዋ ውስጥ ሃይማኖትን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር የሚያገናኝ የሳይንስ ፕሮጀክት ለሚፈልግ መምህር ከውዱእ (ሙስሊሞች ከሶላት በፊት ከሚያደርጉት መታጠብ) የተሻለ መነሻ አይታየኝም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ (የጥንት መስፈሪያ) ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ እንደ መዝሀቡ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት) ስሌት ቢለያይም 1 ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ተማሪው የሚመረምረው ጥያቄ ታዲያ፦ እኛስ ስንት እንጠቀማለን?

መለካቱ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ከቧንቧው ሥር ሳፋ ቢቀመጥ፣ የፈሰሰው ውሃ በከፊል ውጭ ይቀራል፤ ተማሪውም እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይቆጥባል። ይልቅ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ፤ ሲያልቅ በተጠቃሚዎቹ ቁጥር አካፍሉ። ስለ ፕሮጀክቱ የምትነግሯቸው ከመጀመሪያው ልኬት በኋላ ይሁን።

ያገለገለው ውሃ ለኒም ችግኝ ይሆናል። ለማጣራት ባልዲ ሥሩን ብሱና ከታች ጠጠር፣ ከዚያ ሻካራ አሸዋ፣ ከላይ ደቃቅ አሸዋ ሙሉ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፃ ይገኛል፤ ግን እጣቢው እስኪጠራ ካልታጠበ የሚወጣው ጭቃ ነው። ሳሙና የገባበትን ለይታችሁ ድፉ። የተጣራው አይጠጣም፤ በዕለቱ ካልፈሰሰም የዴንጊ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ ይህን ድሬ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ክርስቲያን ተማሪዎች ሰው ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ከሚለው ከዘፍጥረት 2፥15 ተነስተው ችግኙን ይረከቡ። መምህሩ ግን አይስበክ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። ጥቅሱን ተማሪው ያምጣ፣ መምህሩ ልኬቱን ያርም።