ዳኝነቱ ምንድን ነው?

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ጅማ በሐምሌ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከሸራው ጫፍ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እኔ ላፕቶፑን በፌስታል ሸፍኜ እጽፋለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ሰዉ ራፖር ጸሐፊ ይለናል። ፍርድ ቤት በር ላይ ከተቀመጥኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብዛኛውን የምጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ጉዳዩ የመጨረሻው ችሎት፣ ፌዴራል ሰበር ሲደርስ በአማርኛ እጽፋለሁ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ የሚበዛው ባለጉዳይ የሚመጣው በአንድ ነገር ነው፦ በመሬት።

የዚያን ቀን አንዲት እናት መጡ። ከማና ወረዳ በኩል ናቸው። የቡና ማሳቸውን የወንድማቸው ልጅ ይዞባቸው ተካሰሱ። ወረዳ ላይ ረቱ። ይግባኝ ተጠየቀባቸው፣ እዚያም ረቱ። ሰበርም አጸናላቸው። ልጁ ግን አልወጣም። ቡናውን ይለቅማል፣ ያሰጣል፣ ይሸጣል። እሳቸው ፍርዱን ይዘው በአፈጻጸም መዝገብ ይመላለሳሉ። መመላለስ ከጀመሩ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በመጡ ቁጥር አንድ ወረቀት ያወጣሉ። የአባታቸው የግብር ደረሰኝ ነው፣ የጃንሆይ ጊዜ። አራት ቦታ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ ላይ ተበጥሷል። ቁስል በሚታሸግበት ፕላስተር ተለጥፏል። ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቡኒ ሄዷል። በሕግ ዓይን ያ ደረሰኝ ብዙ አይፈይድም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል፣ ገበሬው ያለው ይዞታ ነው። ፍርዱንም ያገኙት በይዞታ ደብተራቸውና በምስክር ነው። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «አውቃለሁ ልጄ» ይሉኛል። «ግን አያይዘው።»

አሥር ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲብስ ዕቃዬን ሰብስቤ ጎን ያለው ቡና ቤት ገባሁ። ቲቪው ላይ ሔግ ያለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አስተያየቱን እያሰማ ነበር። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በያዘቻቸው የፍልስጤም ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። በተቻለ ፍጥነት ትውጣም አለ። 11 ዳኞች ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ።

ማር ነጋዴው ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፣ ተፈረደ!» አሉ። ከፊታቸው ያሉት ጡረተኛ ሹፌር፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ስኒውን አስቀመጡና «ማን ላይ ነው የተፈረደው? የማን አገር እንደሆነ መጽሐፉ ተናግሯል» አሉ። ሁለቱ አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች ናቸው። በለቅሶም በሰርግም አይለያዩም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስ ወደ 1,200 ሰው ገድሎ 251 ሰው አግቶ ከወሰደ፣ ከዚያም ጋዛ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ካለቀ ወዲህ ግን አንዳንድ ቀን ሳይሰነባበቱ ይሄዳሉ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የሕጉ ሰው፣ እስኪ ፍረድ» አሉኝ።

ጠበቃ አይደለሁም። ዳኛም አይደለሁም። ግን ያን ቀን በቅጡ አልመለስኩላቸውም፣ ነገሩ ሲብላላብኝ ከረመ። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መዝገቡን እናንብብ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። ከሁለት አንዱን «ምንም የለውም» የሚል ሰው ፋይሉን አልገለጠም።

አገሩ በኦቶማን ቱርኮች ሥር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1858 የመሬት ሕግ ወጣ። መሬትህን አስመዝግብ ተባለ። ብዙው ገበሬ ፈራ። ስም ማስመዝገብ ግብር ያመጣል፣ ልጅን ለውትድርና ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ መሬት በከተማ ባለሀብት ስም ገባ፣ ወይም ሳይመዘገብ ቀረ። የሚያርሰው ግን ያው ገበሬ ነው። በኋላ አይሁዶች ከእነዚያ ባለሀብቶች መሬት ገዙ። ገንዘብ ከፍለው፣ ውል ተዋውለው። አራሹ አንድ ቀን የማያውቀው ሰው መጥቶ ልቀቅ አለው። ገዢው ሌባ አይደለም። አራሹም ወራሪ አይደለም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጭሰኝነትን አያቶቻችን ኖረውበታል።

ያ የቱርክ ሕግ እስከ ዛሬ ሰው ያፈናቅላል። ሳይታረስ የቆየ መሬት ወደ መንግሥት ይመለሳል የሚል ነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ናብሉስ አጠገብ ኤሎን ሞሬ የተባለው ሰፈራ ከፍልስጤማውያን የግል መሬት ላይ ይነሳ ብሎ ፈረደ። ተነሳም። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ። ያልተመዘገበውንና ጦም ያደረውን እየለየ «የመንግሥት መሬት» ብሎ ማወጅ፣ በዚያ ላይ ማስፈር። እንዲህ ዓይነቱን አሠራር ሳነብ ሆዴ ይታመማል። ስንት ገበሬ አንድ ወረቀት በጊዜው ባለማውጣቱ ምክንያት ከፊቴ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1948ቱ ጦርነት ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ሸሹ ወይም ተባረሩ። የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው የወጡ አሉ። የልጅ ልጅ ዛሬም ያን ቁልፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በ1950 በወጣ የእስራኤል ሕግ ንብረታቸው «የሌለ ሰው ንብረት» ተብሎ በሞግዚት እጅ ገባ። ከዚያ በ1970 ሌላ ሕግ መጣ። አይሁዶች ከ1948 በፊት በምሥራቅ ኢየሩሳሌም የነበራቸውን ንብረት ማስመለስ ይችላሉ ይላል። ፍልስጤማዊው ግን በምዕራቡ ክፍል የነበረውን ቤቱን በዚያ መንገድ ማስመለስ አይችልም። አንዱ ላይ ይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ ገደብ፣ ይቆጠራል፣ ሌላው ላይ አይቆጠርም። ይህን እኔ ፍትሕ አልለውም።

የአይሁዶቹም መዝገብ ወፍራም ነው። ሐጂ ይህን ክፍል መስማት አይወዱም፣ ግን መነበብ አለበት። ስድስት ሚሊዮን ሰው በአውሮፓ ተፈጅቷል። ከመፈጀታቸው በፊት ስንት አገር በሩን ዘግቶባቸዋል። ከ1948 በኋላ ደግሞ ከባግዳድ፣ ከካይሮ፣ ከሰነዓ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች ቤትና ሱቃቸውን ትተው ወጥተዋል። እነሱም ቁልፍ ነበራቸው። ከእስራኤል ሕዝብ ብዙው የእነዚያ ልጅ ነው። የሚመለስበት ሌላ አገር የለውም።

አሁን ስለ ዓለም ወረቀት ልናገር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አገሩ ለሁለት ይከፈል ብሎ ሲወስን 33 ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። ከአሥሩ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1967ቱ ጦርነት ጊዜ ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ነበርን፣ ውሳኔ ቁጥር 242 በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ የእኛም እጅ አብሮ ወጥቷል። በዚህ ውሳኔ ላይ የተነሳው ክርክር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እንግሊዝኛው እስራኤል «ከተያዙ ግዛቶች» ትውጣ ይላል። ፈረንሳይኛው ደግሞ «ከተያዙት ግዛቶች» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ አንዲት «ት» ናት። አንዱ «ከአንዳንዱ ብወጣ ይበቃል» አለ፣ ሌላው «ከሁሉም» አለ። ማመልከቻ ስጽፍ ባለጉዳዩ «ቶሎ በል» ሲለኝ ይቺን «ት» አስታውሳለሁ።

የዓለም ዕውቅና ምን ይጠቅማል የሚል ካለ ጅማ ይምጣ። ፈረንጅ አራዳ ላይ ዛሬም የጣሊያን ግንቦች አሉ። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት ብለው በወረቀት አወቁለት። ሜክሲኮ እምቢ አለች። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የእንግሊዝ ወረቀት ወረራውን ትክክል አላደረገውም። የሜክሲኮ ወረቀትም ጣሊያንን አላስወጣም። ግን ሰማንያ ዓመት አልፎ ስሟን እየጠራን ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2012 ፍልስጤምን በ138 ድምፅ ታዛቢ መንግሥት ሲያደርጋት፣ በመስከረም 2025 ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ዕውቅና ሲሰጧት፣ «ባዶ ወረቀት ነው» ከሚሉት ጋር አልስማማም። የጎደለው አፈጻጸም ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን ተመልካች ብቻ አይደለንም። እናቴ በ2001 ዓ.ም. ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ተሳልማለች። እዚያ ያለውን ገዳማችንን ዴር ሡልጣንን ስታወራ እስካሁን ዓይኗ እንባ ያቀራል። መነኮሳቱ ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በትናንሽ ጎጆዎች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱን ፈጅቶ ሰነዶቻቸው ተቃጠሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከቅብጦች፣ ከግብጽ ኦርቶዶክሶች፣ ጋር በገዳሙ ላይ ክርክሩ አላባራም። እ.ኤ.አ. በ1970 የፋሲካ ሌሊት ቅብጦቹ ጸሎት ላይ ሳሉ የእኛዎቹ በእስራኤል ፖሊስ አጋዥነት ቁልፉን ለወጡ። ቅብጦቹ ከሰሱ። የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ይመለስላቸው አለ፣ ሆኖም መንግሥት ጉዳዩን እስኪያይ ብሎ አቆየው። እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

ለእናቴ ይህን ስነግራት ተቆጣችኝ። «የእኛ ነው! ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ የእኛ ነው!» አለች። እኔም የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሥራዬ ያስተማረኝን መካድ አልችልም። በዚያ መዝገብ ላይ ይዞታው በእጃችን ነው፣ ሰነዱ ጠፍቶብናል፣ ያልተፈጸመውም ፍርድ የወጣው በእኛ ላይ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ «ፍርዱ ይፈጸም» ስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ወደ ሐጂና ወደ ጋሼ ልመለስ። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን በደለህ?» ብዬ አይደለም። «ዳኝነቱ ምንድን ነው?» እላለሁ። ፍርድ ቤቱ ምን ያድርግልህ? ብዙ ሰው በደሉን ሁለት ሰዓት ያወራል፣ ይህን ስጠይቀው ዝም ይላል። ከሳምንት በኋላ ሁለቱንም እንዲሁ ጠየቅኳቸው። ሐጂን «በዚያ ምድር ሰባት ሚሊዮን ያህል አይሁድ አለ፣ የት ይሂድልዎ?» አልኳቸው። ጋሼንም «እዚያው ሰባት ሚሊዮን ያህል ፍልስጤማዊ አለ፣ እርስዎስ የት ያድርጉት?» አልኳቸው። ጋሼ ስኒያቸውን አዞሩ። ሐጂ «ይሄማ ከባድ ነው» አሉ።

የእኔን አቋም ሳልደብቅ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1967 የተያዘው መሬት ላይ የተሠሩት የሰፈራ መንደሮች ይነሱ፣ ፍልስጤማውያን በዚያ መንግሥታቸውን ይመሥርቱ የሚለው ዳኝነት ትክክለኛ ነው። እስራኤል ከዚያ መስመር ወዲያ በሰላም ትኑር የሚለውም ትክክለኛ ነው። ተከራካሪዬ ከምድር ይጥፋልኝ የሚለው ግን ዳኝነት አይባልም። ማንም ዳኛ አይሰጠውም። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ እውነት ነበረው፣ ድንበሩ ተገፍቶበት ነበር። ቀጠሮ ሲራዘምበት በገጀራ ሊያስፈጽም ሄደ። አሁን እስር ቤት ነው። የሟች ልጆች ደግሞ ያንኑ መሬት ያርሳሉ። ጥቅምት 7 የተገደሉትንም፣ ጋዛ ላይ በቤተሰብ ሙሉ ያለቁትንም ሳስብ የሚመጣብኝ የዚያ ሰው ፊት ነው።

ባለፈው ሳምንት የማናዋ እናት ተመልሰው መጡ። ፋይሉ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ደረሰኙን አወጡና ፎቶ ኮፒ አድርገው አያይዘው አሉኝ። አሳልፌ ኮፒ ቤት ሰጠሁ። ሲመለስ ፕላስተሩ ያለበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ወጥቷል፣ ልክ የአባታቸው ስም ላይ። ሦስት ጊዜ አስደገምን። ያው ነው። እሳቸው ወረቀቱን አየት አደረጉና እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው አንስተው ሰጡኝ። ስሙን ፊደል በፊደል ነገሩኝ፣ ከመስመሩ ጎን ጻፍኩት።