ሰምና ወርቅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ

የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ዘንድሮ እኔ ዘንድ ሆኖ 9ኛ ክፍል ገባ። ትናንት ማታ መጽሐፉን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል፤ ገጹ ግን አይገለጥም። «ምነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ባዮሎጂውም ታሪኩም እንግሊዝኛ ሆነብኝ እኮ» አለኝ። እስከ 8ኛ የተማረው በአማርኛ ነው። አንጀቴን በላው። እኔም እንደሱ ነበርኩ።

የተማርኩት ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የወንዶች ብቻ በሆነ ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ከተማው እዚያ ያልቅ ነበር። በጥቅምት ጠዋት የባሕር ዛፉ ጤዛ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ነበር የምንማረው። ግቢ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረች ጣውላ ትንጠለጠልበታለች። የምትወርድለት እሱ ደግሞ ሌላ ልጅ ሲይዝ ነው። ጓደኛ ጓደኛውን የሚያሳጣበት ሕግ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። እንግሊዝኛ አላስተማረንም፤ ዝም ማለትን ነው ያስተማረን።

ከሁላችንም ዝምተኛው ከጎጃም የመጣ ልጅ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው ቅኔ ቤት ቆይቶ ነው። በዕድሜም ይበልጠናል። እንግሊዝኛ ሲሞክር ስለሚስቁበት መናገሩን ትቶታል።

11ኛ ክፍል ላይ የሼክስፒርን ጁሊየስ ቄሳር ጀመርን። መምህራችን ድርሻ እያከፋፈለ ያስነብበናል። የብሩተስ ሚስት የፖርሺያ ተራ ሲደርስ ሁሉም አንገቱን ደፋ። «በሼክስፒር ዘመንም የሴቶቹን ድርሻ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ» አለን። ያ ልጅ እጁን አወጣ። ምስጢር መጠበቅ እንደምትችል ለባሏ ለማሳየት ጭኗን ያቆሰለችውን ሴት፣ ቀስ እያለ፣ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ 3ኛው ገቢር ላይ ደረስን፤ የቄሳር ቀብር። ብሩተስ ቀድሞ፣ በስድ ንባብ፣ ቄሳርን ሥልጣን ስለጠማው እንደገደለው ለሕዝቡ ያስረዳል። የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ ግን በግጥም ነው የሚነሣው። ብሩተስን አይሰድበውም። «ብሩተስ የተከበረ ሰው ነው» ይላል። ቄሳር ሦስት ጊዜ ዘውድ ቀርቦለት ሦስት ጊዜ እንደገፋው ያስታውሳል። ይሄ ሥልጣን መጠማት ነው? ይልና ደግሞ «ብሩተስ ግን የተከበረ ሰው ነው»። መምህሩ መስመሩን ሰሌዳ ላይ ጻፈውና «ለምንድን ነው የሚደጋግመው?» አለን። ክፍሉ ጭጭ።

ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ። በአማርኛ።

«ቲቸር፣ ይሄማ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የተከበረ ሰው፣ ወርቁ ነፍሰ ገዳይ።»

ሁላችንም ጣውላዋን ጠበቅን። መምህሩ ጠመኔውን በጣቶቹ እያሻሸ ትንሽ ቆየ። «ና ውጣና አስረዳቸው» አለው። «በምን ቋንቋ?» «በምትችለው።»

ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ነገረን። «መጀመሪያ ሲለው ሰሙ ወፍራም ነው። ሲደግመው ይሳሳል። ሲደጋግመው ይቀልጣል። ወርቁን አንቶኒ ራሱ አያወጣውም፤ ለሕዝቡ ይተውለታል።» ገጹን ገልጠን ስናይ እውነትም ከሕዝቡ አንዱ ይጮኻል፤ ከዳተኞች ናቸው፣ የምን የተከበሩ ሰዎች!

እንግሊዝኛ የተፈታልኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ከበደ ሚካኤል የተረጎሙትን ሮሚዮና ጁልየት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን ኦቴሎ ፈልጌ፣ ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ዘርግቼ እያነበብኩ ነው የገፋሁት። አማርኛዬ መሰላል ሆነኝ። ያንን መሰላል ነበር አንገታችን ላይ ጣውላ እያንጠለጠሉ የሚነጥቁን።

ትናንት ማታ ባዮሎጂውን ዘጋሁበትና የአንቶኒን ንግግር አነበብኩለት። አንዳንዱን ቃል ብቻ ተረጎምኩለት። ሦስተኛው «የተከበረ ሰው» ላይ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ እየሰደበው ነው አይደል?»