የዋላ ዋላው ልጅ ወይን

ዝነኛ ሰው ስሙን ያዋሰው መጠጥ ሲመጣ ሳልቀምሰው ፊቴን አጠቁራለሁ። የበቆጂ ልጅ ነኝ፤ ሯጭ አሸንፎ በተመለሰ ቁጥር ስሙን ለሸቀጥ ማድመቂያ የሚፈልግ ነጋዴ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ በሲያትል በምሠራበት ሆቴል አንድ ምሽት ሥራ አስኪያጃችን አስተናጋጆቹን ሰብስቦ «የእግር ኳስ ተጫዋች ወይን ገብቶልናል፤ ስሙን እየጠራችሁ ሽጡ» ሲለን በሆዴ «ደግሞ መጣ!» አልኩ።

ወይኑ ደብልባክ ይባላል። ባለቤቱ በአሜሪካ እግር ኳስ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪና ጨዋታ መሪ፣ የነበረው ድሩ ብሌድሶ ነው። ሰውየው ያደገው እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ከሲያትል ተራራውን ተሻግሮ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ በሚያስኬደው ዋላ ዋላ ነው። ስንዴ ይበቅልበታል፤ ጣፋጭ የሆነ፣ ሰዎች በጥሬው የሚገምጡት ሽንኩርትም አለው። የወይን ጠጅ ሥራ በአካባቢው የተስፋፋው ሊዮኔቲ የተባለው የመጀመሪያው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1977 ከተቋቋመ በኋላ ነው። ብሌድሶ በ2007 ከጨዋታ ሲሰናበት ባደገበት አካባቢ ወይን ተከለ፤ የሊዮኔቲን መሥራች ልጅ ክሪስ ፊጊንስን ጠማቂ አደረገ። የ2007 ምርት የሆነው የመጀመሪያው ወይንም በ2010 ለገበያ በቃ። ይህን ሳነብ ፊቴ ትንሽ ተፈታ። ስም ማዋስ ሌላ፣ መሬት ገዝቶ መትከል ሌላ። እኛ አገር ኃይሌ ሆቴል እንደሠራው ሁሉ ይህም ሰው ገንዘቡን በማሳ ላይ አውሎታል።

እንግዲህ ገጠመኙ። አንድ ቤተሰብ ልደት ሊያከብር መጣ። ጋባዡ የሲያትሉን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የሲሆክስን ማሊያ የለበሰ ወጣት ሲሆን አጠገቡ ሽበታም አማቱ ተቀምጠዋል። በቅርቡ የተቀጠረች ባልደረባችን ሥራ አስኪያጁ እንዳዘዛት ጠርሙሱን አቅርባ «የፓትሪዮትሱ የድሩ ብሌድሶ ወይን ነው» አለች። ወጣቱ እጁን አወናጨፈ፤ «መልሺው፤ የፓትሪዮትስ ነገር በዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም» አላት።

የሲያትልን ሰው የማያውቅ በዚህ ይገረም ይሆናል። በየካቲት 2015 ሱፐር ቦውል በሚባለው የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሲሆክስ ለአሸናፊነት አንድ ያርድ ብቻ ሲቀረው፣ ማልኮም በትለር የተባለ የፓትሪዮትስ ተከላካይ ኳሱን ቀማና ሁሉም ነገር አበቃ። ቁስሉ ለዓመታት አልጠገገም። ብሌድሶ በዚያን ጊዜ ጡረታ ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ግን ቂመኛ ደጋፊ የዘመን አቆጣጠር አያውቅም።

ልጅቷ ጠርሙሱን እንደታቀፈች ደንግጣ ቆመች። ከእኔ ጋር ብርጭቆ ይዘው የመጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባልደረባችን ጠጋ አሉ። ጋሼ በዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ወደ ሆቴል ሥራ የገቡ ናቸው። የታክሲ ሾፌር ደግሞ የከተማውን እሮሮ ሁሉ ከኋላ ወንበር ሲሰማ ይውላል። ወጣቱን ትተው ሽማግሌውን «ጌታዬ፣ በ1993 ሲያትል ስንተኛ መረጠ?» ብለው ጠየቋቸው።

ሽማግሌው ጥርሳቸውን እየነከሱ ሳቁ። «ሁለተኛ!» አሉ። በአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ፤ ብዙ የተሸነፈው ቀድሞ ይመርጣል። በ1992 የውድድር ዘመን ሲሆክስም ፓትሪዮትስም ሁለት ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፈው አሥራ አራት አሥራ አራት ተሸንፈዋል። የመጀመሪያው ምርጫ ለፓትሪዮትስ ደረሰና ብሌድሶን ወሰዱት፤ ለሲያትል ሪክ ማይረር ቀረ። «ያ ልጅ የእኛ ነበር» አሉ ሽማግሌው ለአማቻቸው፣ እንደ ተነጠቀ ርስት እያወሩ። እርሳቸው የተማሩት ብሌድሶ በተጫወተበት በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኅዳር 1992 በዩኒቨርሲቲያቸው ከተማ በፑልማን በረዶ እየወረደ ቡድናቸው የሲያትሉን ተቀናቃኝ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን 42 ለ23 ሲያሸንፍ ስታዲየም ነበሩ። ብሌድሶ ወረወረ፤ ፊሊፕ ቦቦ የተባለው ተቀባይ ኳሱን እንደያዘ ተንሸራትቶ ከሜዳው ጥግ ከተከመረው በረዶ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ይህን በማንኪያና በናፕኪን አሳዩን፤ የጨው ዕቃው በረዶው ነበር።

ወሬው ሳያልቅ ጋሼ ለልጅቷ በዓይናቸው ጠቀሷት። የጠርሙሱን አንገት የሸፈነውን ልባስ በቢላዋ ዙሪያውን ቆርጣ አነሳች፣ ቡሹን ቀስ አድርጋ ነቀለች፣ ለሽማግሌው ጥቂት ቀዳችላቸው። ካበርኔ ሶቪኞን ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ። አሽትተው ጎንጨት አሉና ምንም ሳይናገሩ ብርጭቋቸውን ወደ አማቻቸው ገፉት። ወጣቱ ቀመሰ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ሌላ ጠርሙስ ጨምሩ፤ ግን በፎጣ ሸፍናችሁ አምጡልኝ» አለ። ሸፍነን አመጣንለት።

የሥራ አስኪያጃችን ምክር ክፋት አልነበረውም፤ ብሌድሶ በተጫወተባቸው በዳላስ ወይም በቦስተን ቢሆን ይሠራ ነበር። እዚህ ግን የተጫዋቹ ዝና በር ዘጋ፤ ያደገበት ምድር ከፈተው። ከመቶ ዶላር በላይ አውጥቶ ጠርሙስ የሚያዝ እንግዳ የማን እንደሆነ ከሚነገረው ይልቅ የራሱን ታሪክ እንዲያወራ ዕድል ቢሰጠው ይመርጣል።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ የሽያጩን ደረሰኝ አይቶ ጋሼን «ፓትሪዮትስን ለሲሆክስ ደጋፊ እንዴት ሸጣችሁት?» አላቸው። «ስለ በረዶ አውርተን» አሉት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ወይን ሲገባ ከሥራ በፊት ሰብስበው የሚነግሩን እርሳቸው ናቸው።