ሜትሩ ሶፍትዌር ሲሆን ማኅተሙ የት ይታሰር?

የድሮው የታክሲ ሜትር ቁጥጥር ቀላል ነበር። ከካምቢዮ የሚወጣ ኬብል ሜትሩን ያሽከረክራል፤ ተቆጣጣሪው ርዝመቱ በትክክል በተለካ መንገድ ላይ መኪናውን አስነድቶ ሂሳቡን ያያል፤ ከተስማማ ሳጥኑን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ያስረዋል። ማኅተሙ እስካልተሰበረ ድረስ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሜትር ታብሌት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሆኗል። ታሪፉ ከቢሮ በኢንተርኔት ይቀየራል፣ ርቀቱ ከመኪናው ኮምፒውተር ወይም ከጂፒኤስ ይመጣል። እርሳሱን የሚያስሩበት ብሎን የለም።

የታክሲ ሜትር ሕግ ይታደስ ሲባል ብዙ ሰው የሚፈቀደው የስህተት ወሰን ይሻሻል ማለት ይመስለዋል። በእኔ ግምት ወሰኑ ደህና ነው። መታደስ ያለበት ርቀቱ ከየት እንደመጣና ፕሮግራሙን ማን እንደነካው የሚጠይቀው ክፍል ነው።

በአሜሪካ መሠረቱ ኒስት (ብሔራዊው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም) የሚያሳትመው የመለኪያ መሣሪያዎች መመሪያ፣ ሀንድቡክ 44፣ ነው። በራሱ ሕግ አይደለም፤ ስቴቶች ሲቀበሉት ሕግ ይሆናል። የታክሲ ሜትር ክፍሉ 5.54 ሆን ብሎ ወደ ተሳፋሪው ያደላል። ሜትሩ ወደ ቀጣዩ ሂሳብ ቀድሞ ከዘለለ፣ ማለትም ተሳፋሪውን ከጎዳ፣ የሚፈቀድለት 1 በመቶ ብቻ ነው። ዘግይቶ ከዘለለና ሾፌሩን ከጎዳ 4 በመቶ ይፈቀዳል፤ በመነሻ ክፍያው የሚሸፈነው የመጀመሪያ ርቀት ፈተናው ውስጥ ካለ ደግሞ 100 ጫማ ይጨመርለታል። ብዙ ሾፌሮቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑባትን ዋሺንግተን ዲሲን እንውሰድ። እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በዞን ታስከፍል ነበር፤ ከዚያ ወደ ሜትር ዞረች። በ2012 የወጣው ታሪፏ በማይል 2.16 ዶላር ነበር። ሜትሩ በየ660 ጫማው፣ የማይል አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው፣ 27 ሳንቲም ይጨምር ነበር። አንድ ማይል 5,280 ጫማ ስለሆነ፣ የአንድ ማይል ሂሳብ ሞልቶ መኪናው ገና 5,227 ጫማ ካልደረሰ ሜትሩ ወድቋል። ልዩነቱ 53 ጫማ ነው፤ ተከታትለው የቆሙ ሦስት መኪኖች የሚይዙት ቦታ።

ያንን 1 በመቶ ብዙ ጊዜ የሚበላው ማጭበርበር ሳይሆን ጎማ ነው። ከመኪናው ፐልስ (ጎማው ሲዞር የሚላክ የኤሌክትሪክ ምት) የሚቀበል ሜትር የሚቆጥረው የጎማ ዙር እንጂ መንገድ አይደለም። 195/65አር15 ጎማ ዲያሜትሩ 634.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሾፌሩ ርካሽ አግኝቶ 185/65አር15 ቢያስገባ 621.5 ይሆናል። ትንሹ ጎማ ለአንድ ማይል ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ሜትሩ 2.1 በመቶ አስበልጦ ይቆጥራል፤ ማንም ሳይነካው ከሕግ ወጣ ማለት ነው። ማለቅም እንዲሁ ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 2 ሲወርድ ዲያሜትሩ በ12 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ በስሌት 2 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሀንድቡኩ ሜትር ሲስተካከል ስህተቱ በተቻለ መጠን ወደ ዜሮ ይጠጋ ይላል፤ ወሰኑን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ መጠቀም አይቻልም። ስለዚህ በአዲስ ጎማ በትክክል ዜሮ ላይ የተስተካከለ ሜትር ያው ጎማ ሳያልቅ ተሳፋሪውን ወደ መበደል ያዘነብላል። መፍትሔው የጎማውን መጠንና የጥርሱን ጥልቀት በምርመራ ወረቀቱ ላይ መጻፍ፣ ጎማ ሲቀየርም ሜትሩ እንዲታይ ማስገደድ ነው። የንፋሱም ነገር አለ፤ በፈተና ጊዜ መኪናው ሁለት ሰው ይይዛል፣ ፈተናው ሲያልቅ የጎማው ንፋስ መኪናው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፣ ካልገጠመ ተስተካክሎ ሊደገም ይችላል። በሮለር፣ ማለትም መኪናው ባለበት ሆኖ ጎማው በሚዞርበት ከበሮ፣ ላይ ከተፈተነ በሁለተኛው ሰው ፋንታ 150 ፓውንድ ክብደት መጫን ይቻላል።

አሁን ወደ አዲሱ ችግር እንምጣ። አንዳንድ ሜትር ከፐልስ ሽቦ ይልቅ መሪው ሥር ያለው፣ መካኒክ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብበት የኦቢዲ መሰኪያ ላይ ይሰካል። ቀላል ነው፣ ሽቦ መቁረጥ የለም። ነገር ግን በመደበኛው የኦቢዲ ጥያቄ የሚመለሰው ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። መኪናው 18.9 እየሄደ 18 የሚል መልስ ከመጣ ስህተቱ 5 በመቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ የከተማ ታክሲ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዚህ ፍጥነት ላይ ነው። ሌላ ወጥመድም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 የመኪና ፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከላይ ግን እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ይፈቅዳል። ለአደጋ መከላከል ተገቢ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ከሚታየው ፍጥነት ርቀት የሚያሰላ ሜትር ግን ያንን ትርፍ በቀጥታ ወደ ሂሳብ ይቀይረዋል። ሕጉ «ምንጩ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ የሜትሩ ዓይነት ሲጸድቅም ከነምንጩ ማጽደቅ አለበት።

ጂፒኤስ በሌላ መንገድ ይሳሳታል። መኪናው በሰዓት 30 ማይል ሲሄድ በሰከንድ 44 ጫማ ይጓዛል። ስልኩ ቦታውን በየ5 ሰከንዱ ብቻ ቢመዘግብ በሁለት ነጥቦች መካከል 220 ጫማ አለ። በመሃላቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን ካለና ፕሮግራሙ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ካገናኘ፣ 220 ጫማው 156 ይሆናል፤ በአንድ መታጠፊያ 64 ጫማ ጠፋ። በየሰከንዱ ከመዘገበ የሚጠፋው 13 ጫማ ገደማ ነው። ይህ ሾፌሩን ይጎዳል። መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጂፒኤስ የሚሰጠው ነጥብ በቆመ መኪና ዙሪያ ይዋዥቃል፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መዋዠቅ ከደመረ ያልተነዳ ርቀት ይከፈልበታል። በረጃጅም ፎቆች መካከል ይባስበታል። ተነል ውስጥ ጭራሽ ምልክት የለም፤ የኒውዮርኩ ሊንከን ተነል 1.5 ማይል ያህል ስለሆነ ፕሮግራሙ ክፍተቱን በምን እንደሚሞላ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ኡበርንና ሊፍትን ለመሳሰሉት ሀንድቡኩ 5.60 የሚባል የተለየ ክፍል ከፍቷል። ትክክል ነው፤ በጎማ ዙር የሚለካውና በጂፒኤስ የሚለካው በተለያየ ምክንያት ስለሚሳሳቱ በአንድ ፈተና ማለፍ የለባቸውም።

በጊዜ የሚቆጠረውን ሂሳብ ባጭሩ ላንሳ። ከታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የኒውዮርክ ታክሲ 70 ሳንቲም የሚጨምረው በየማይሉ አንድ አምስተኛ ወይም፣ መኪናው ሲንቀረፈፍ፣ በየ60 ሰከንዱ ነው። በማይል 3.50፣ በሰዓት 42 ዶላር ነው፤ 42 ለ3.50 ሲካፈል 12 ይመጣል፣ በሰዓት ከ12 ማይል በታች ሰዓት ይቆጥራል። በሀንድቡኩ መሠረት አንድ ዝላይ ብቻ ከተለካ ከ57 ሰከንድ በፊት መምጣት የለበትም፤ አማካዩ ግን በደቂቃ ከ0.2 ሰከንድ በላይ መቅደም አይችልም፣ ስለዚህ አሥር ተከታታይ ዝላይ ከ598 ሰከንድ በፊት ካለቀ ይወድቃል። ታብሌት ላይ ያለ ሜትር እዚህ የሚወድቀው ታብሌቱ ላይ የሚታየውን የቀን ሰዓት ሲጠቀም ነው። ኔትወርኩ ሰዓቱን ሲያስተካክል ሂሳቡ አብሮ ይዘላል። ወደ ኋላ የማይመለስና በኔትወርክ የማይነካ የውስጥ ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ማኅተሙስ? ሀንድቡክ 44 በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ከሩቅ የማይነካ ሜትር በእርሳስ ማኅተም ወይም ከ000 እስከ 999 በሚሄዱ ሁለት ቆጣሪዎች ይጠበቃል፤ አንዱ የመለኪያ ማስተካከያን፣ ሌላው የአደረጃጀት ለውጥን ይቆጥራል። ከሩቅ የሚነካ ሆኖ መግቢያው መኪናው ውስጥ ባለ ማብሪያ የሚከፈት ከሆነ ማብሪያው ይታሸጋል። ያለ ገደብ ከሩቅ የሚነካው ግን ሙሉ መዝገብ መያዝ አለበት፦ የቆጣሪ ቁጥር፣ የተነካው ነገር መለያ፣ ቀንና ሰዓት፣ አዲሱ ዋጋ። መዝገቡ ሊታሸጉ ከሚገባቸው ነገሮች ቁጥር አሥር እጥፍ ይይዛል፤ ከ1,000 በላይ ግን አይጠየቅም። የድሮው ዋጋም አብሮ ቢመዘገብ ይሻል ነበር፤ ተቆጣጣሪው አንድ መስመር አይቶ ለውጡን በሙሉ ይረዳ ነበር። ከዚህ የከፋው ቀዳዳ ግን መዝገቡ ታሪፍ ሲቀየር እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ ሲቀየር አለማየቱ ነው። ስለዚህ ሂሳብ የሚሠራው ክፍል ከማስታወቂያና ከካርድ መክፈያው ተለይቶ የራሱ የእትም ቁጥር ይኑረው፣ ቁጥሩም ያለ ልዩ መሣሪያ ስክሪኑ ላይ ይታይ። ማስታወቂያ በተለወጠ ቁጥር መኪና ለምርመራ መጠራት የለበትም።

የአውሮፓ ኅብረትን የመለኪያ መሣሪያዎች ደንብ 2014/32 አንብቦ «እነሱ በርቀት 0.2 በመቶ ብቻ ይፈቅዳሉ» የሚል ይኖራል። ማነጻጸሪያው ልክ አይደለም። ያ ቁጥር ለሳጥኑ ብቻ ነው፤ የርቀት ምልክት የሚልከው ክፍል በደንቡ የሜትሩ አካል አይደለም፣ ጎማውም ከስሌቱ ውጭ ነው። ከዚያ ደንብ ቢወሰድ የምወደው ሌላ ነው፦ ሜትሩ ከባትሪ ቢነቀል እንኳ ጠቅላላ ድምሮቹ ለአንድ ዓመት መቀመጥ አለባቸው።

በ2010 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ በጂፒኤስ መረጃ የተደረሰበት ትርፍ ሂሳብ የመለኪያ ስህተት አልነበረም፤ ከከተማ ውጭ የሚሠራው እጥፍ ታሪፍ ከተማ ውስጥ መከፈቱ ነበር። በርቀት ፈተና ይህ አይያዝም፤ የትኛው ታሪፍ መቼ እንደበራ የሚያሳይ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ የላዳ ዋጋ በድርድር ነበር፤ ራይድንና ፈረስን የመሳሰሉት ሲመጡ ሂሳቡ ወደ ስልክ ገባ። እዚያ በአምስተኛ ጎማ፣ ማለትም ርቀት ለመለካት ከመኪናው ጋር በሚጎተት ተጨማሪ ጎማ፣ የመፈተን ጣጣ የለም፤ በስልክ ለሚሠራ ሂሳብ አራት ፈተና ይበቃል። አንድ ቀጥ ያለና በተለካ መንገድ፤ አንድ መታጠፊያ የበዛበትና ፎቅ የከበበው፤ አንድ ጂፒኤስ የሚጠፋበት የምድር ውስጥ መንገድ ወይም ዋሻ፤ አንድ ደግሞ ሞተሩ ሳይጠፋ አሥር ደቂቃ ቆሞ። በመጨረሻው ፈተና ርቀቱ ላይ የሚጨመረው ዜሮ መሆን አለበት። እያንዳንዱ በሁለት የተለያዩ ስልኮች ይደገም፣ የስልኩ ሞዴልና የመተግበሪያው እትም ቁጥርም ከውጤቱ ጎን ይጻፍ።