ሳይዝ የሚቆጥረውና የማይቆጥረው ራም

አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ የተባለው ቺፕ 32,768 ባይት ፍላሽና 2,048 ባይት ራም አለው፤ ፍላሽ ኮዱ የሚቀመጥበት፣ ራም ተለዋዋጮቹ የሚኖሩበት ነው። ከፍላሹ 512ቱን ቡትሎደሩ (ኮዳችንን ተቀብሎ ፍላሽ ላይ የሚጽፈው ትንሽ ፕሮግራም) ስለሚይዘው ለኮዳችን የሚተርፈው 32,256 ነው። ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ተጭኖ ስክሪኑ ባዶ ሲቀር ወይም ቦርዱ ደጋግሞ ከመጀመሪያው ሲነሳ ብዙ ሰው ሽቦ መነቃቀል ይጀምራል። ከሽቦው በፊት የፕሮግራሙን ክፍሎች መጠን የሚነግረውን ኤቪአር-ሳይዝን አስኪዱ (ኤቪአር የዚህ ቺፕ ቤተሰብ ስም ነው)። ከኮምፓይለሩ ጋር አብሮ የሚመጣ የቢንዩቲልስ (የኮምፓይለሩ አጋዥ መሣሪያዎች ስብስብ) ትዕዛዝ ነው፤ ለብቻው መጫን አያስፈልግም።

የምትሰጡት ፋይል ኤልፍ ይሁን፤ ኮዱ ሲገነባ የሚወጣው፣ የክፍሎቹን ስም የያዘው ፋይል ነው። ቦርዱ ላይ የሚጫነውን የሄክስ ፋይል ከሰጣችሁት ቴክስት 0 ይልና ሁሉንም ዳታ ላይ ይከምረዋል፤ ሄክስ የክፍሎቹን ስም አይዝምና። ኤልፉ የት እንደተቀመጠ ለማወቅ በአይዲኢው (ኮዱን በምትጽፉበት የአርዱዊኖ ፕሮግራም) ምርጫዎች ውስጥ የኮምፓይል ዝርዝር መልእክት እንዲታይ አድርጉ፤ ቦታው መጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ይወጣል።

ውጤቱ እንዲህ ነው እንበል፦

ቴክስት 17480፣ ዳታ 612፣ ቢኤስኤስ 421፣ ዴክ 18513፣ ሄክስ 4851

ቴክስት ኮዱ ራሱ ነው። ዴክና ሄክስ ያው አንድ ድምር ናቸው፣ አንዱ በአስር አንዱ በአስራ ስድስት መሠረት የተጻፈ። ፍላሽንና ራምን አንድ ላይ የደመረ ቁጥር ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ እለፉት።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው ዳታን ነው። መነሻ ዋጋ የተሰጣቸው ተለዋዋጮች እዚያ ይገባሉ። ኃይል ሲቋረጥ ራም ስለሚጠፋ ዋጋቸው ፍላሽ ላይ ይቀመጥና ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ወደ ራም ይገለበጣል። ስለዚህ ሁለቱም ጋ ይቆጠራል፦ ፍላሽ 17480 + 612 = 18092፣ ራም 612 + 421 = 1033። ቢኤስኤስ ከዜሮ የሚነሱትን ብቻ ስለሚይዝ ፍላሽ ላይ ቦታ አይወስድም። 200 ባይት የሆነ ድርድር ውስጥ ግን አንዲት ዜሮ ያልሆነች መነሻ ዋጋ ካስገባችሁ ድርድሩ በሙሉ ወደ ዳታ ይሻገራል፤ 200ውም ባይት ፍላሽ ላይ ይጻፋል።

ከራሙ 1015 ባይት ተረፈ። አይዲኢው ይህን 50 በመቶ ብሎ ያሳያል፤ የሚያስጠነቅቀው 75 በመቶ ሲያልፍ ስለሆነ ዝም ይላል። አሁን በአዳፍሩት ኤስኤስዲ1306 ላይብረሪ 128 በ64 የሆነ ኦሌድ ስክሪን እናስኬድ። ለምስሉ 128 × 64 ÷ 8፣ ማለትም 1024 ባይት ያስፈልጋል። ላይብረሪው ይህን ቦታ የሚጠይቀው ስክሪኑን የሚያስጀምረው ቢጊን ሲጠራ፣ በማሎክ (ፕሮግራሙ እየሠራ ራም በሚጠይቅበት ፈንክሽን) ነው። ሳይዝ የሚቆጥረው ኮዱ ሲገነባ የታወቀውን ብቻ ነው፤ ማሎክም ስታክም (ፈንክሽኖች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ራም) አይታዩትም። 1024 ደግሞ 1015 ውስጥ አይገባም። ቢጊን ፎልስ (አልተሳካም) ብሎ ይመልሳል፤ ያንን የማይፈትሽ ኮድ ባዶ ስክሪን ይዞ ይቀጥላል።

ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። ሰረዝና ትልቁን ኤ ጨምራችሁ ብታስኬዱት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ያለው ድምር የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ክፍሎችንም ስለሚጨምር ፍላሽ ሞላ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ሁለተኛው፣ አርዱዊኖ ለኤቪአር ኮድ ሲገነባ ኤልቲኦ (ኮዱን ሊንክ ሲደረግ በአንድነት የሚያሻሽል ዘዴ) ስለሚጠቀም የነጠላ ኦብጀክት ፋይሎችን፣ ማለትም የየኮድ ፋይሉን ውጤቶች፣ መጠን መለካት ትርጉም የለውም፤ እውነተኛው ኮድ የሚፈጠረው ሊንክ ሲደረግ፣ ፋይሎቹ ሲያያዙ ነው።

ራም የሚበላው ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ነው። ኤአርኤም በተባሉት ሌሎች ቺፖች ላይ የማይለወጥ ጽሑፍ እዚያው ፍላሽ ላይ ሆኖ ይነበባል። ኤቪአር ግን ፍላሽን የሚያነበው በተለየ መመሪያ ስለሆነ በጥቅስ የጻፋችሁት መልእክት ሁሉ ዳታ ውስጥ ይገባል። ሲሪያል ፕሪንት ውስጥ ያለውን ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ብቻ በሚያስቀረው በኤፍ ማክሮ ጠቅልሉት። 300 ባይት መልእክት ብትጠቀልሉ ዳታ ወደ 312 ይወርዳል፤ ቴክስት በዚያው ልክ ከፍ ይላል። የፍላሹ ድምር ግን ብዙም አይነቃነቅም፤ ቅጂው ድሮም እዚያ ነበር። ራም 733 ይሆናል፣ ስክሪኑ 1024ቱን ወስዶ ለስታክ 290 ገደማ ይተርፋል። ይሠራል፣ ግን ጠባብ ነው፤ ፈንክሽን ውስጥ ትልቅ ድርድር አታውጁ።

የትኛው ተለዋዋጭ እንደከበደ ለማየት የስሞችን ዝርዝር የሚያወጣውን ኤቪአር-ኤንኤምን በመጠን እያስደረደራችሁ አስኪዱት። የጥቅስ ጽሑፎች ስም ስለሌላቸው እዚያ አይወጡም። ለእነሱ ኤቪአር-ኦብጅደምፕ የዳታን ክፍል ብቻ እንዲያሳይ እዘዙት፤ ባይቶቹ በግራ፣ ፊደሎቹ በቀኝ ይሰለፋሉ፤ ኤፍ የተረሳበትን መልእክት እዚያው በቀኝ በኩል ቃል በቃል ታነቡታላችሁ።