ራሰ በራው፣ 2:14

ግንቦት ሲገባ በየትምህርት ቤቱ ፍላሽ ፍለጋ ይጀመራል። «አምና የሠራኸው ተግባራዊ ምርምር አለህ እንዴ?» «አለኝ፤ ግን እኔም ከሰው ነው ያገኘሁት።» ተግባራዊ ምርምር ማለት መምህር የራሱን ሥራ ችግር አጥንቶ ያስተካክልበታል የተባለ ጥናት ነው። እኛ ጋ ግን ስም ይቀየራል፣ ዓመተ ምሕረት ይቀየራል፣ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ለመምህሩ የሥራ ምዘና ነጥብ ይያዝበትና መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። አንድ ባልደረባችን የገለበጠው ጥናት መሃል ላይ «ጣና ዳር የሚገኘው ትምህርት ቤታችን» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይነካ ቀርቶ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሐይቅ አስገኝቶልናል። ማንም አላስተዋለም። ማንም አላነበበውማ!

መደምደሚያው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው። ችግሩ ንባብ ይሁን፣ ሒሳብ ይሁን፣ ማርፈድ ይሁን፣ ጥፋተኛው ወላጅ ነው። «የወላጆች ክትትል ማነስ» ተብሎ ይዘጋል። ወላጅ ጥናቱን ስለማያየው አይከራከርም።

እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ጥቂት ክፍለ ጊዜም አስተምራለሁ። ዘንድሮ አዲስ ዳይሬክተር መጣችልን። ገና ቢሮዋን እንደተረከበች መደርደሪያውን አየችና «እነዚህ ጥናቶች የማን ናቸው?» አለች። ዝም አልን። የማን እንደሆኑማ በምን እናውቃለን?

ሰብስባ አስረዳችን። ተግባራዊ ምርምርን የጀመረው ከናዚ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ከርት ሌዊን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ታቅዳለህ፣ ትሠራለህ፣ የሠራኸው ምን እንዳመጣ ታያለህ፣ አይተህ እንደገና ታቅዳለህ አለ። በ1950ዎቹ ደግሞ ስቴፈን ኮሪ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰው፣ መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ራሳቸው እንዲሠሩት ገፋበት። «በሌላው ምርምር ሰው ታጠናላችሁ» አለች ዳይሬክተሯ፣ «በዚህኛው የምታጠኑት የራሳችሁን ሥራ ነው። ችግሩ ትንሽ ይሁን፣ መፍትሔውም በእጃችን ያለ ይሁን።»

ራሳችንን ነቀነቅን። የተናገረችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለ ማንም አልታየውም።

የመረጥነው ችግር የጠዋት ማርፈድ ነበር። መማር ማስተማሩ የሚጀመረው 2:00 ሰዓት ላይ ቢሆንም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ በበር ላይ ነው የሚያልቀው። እኔ መጠይቅ እንበትን፣ «ወላጅህ ይከታተልሃል?» የሚል ጥያቄ እናስገባ ስል፣ እሷ መጀመሪያ ያለውን ነገር እንመዝግብ አለች። መረጃው ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከበር መዝገብ፣ ከክፍል ስም መጥሪያና ተማሪዎቹን ከማነጋገር። አንዱ ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል።

የበሩ መዝገብ ለዘበኛችን ተሰጠ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሯ ቅጹን አስረከበቻቸውና «ጋሼ፣ የሚያረፍድ ሁሉ ይመዝገብ» አለቻቸው።

የሚያረፍድ ሁሉ። ጋሼ ትእዛዝ ቃል በቃል የሚቀበሉ ሰው ናቸው።

ቅጹ ስም፣ ክፍል፣ ሰዓት፣ ምክንያትና አስተያየት የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። አስተያየት ለወጉ ያህል የገባ ነው። ኧረ የትኛው ቅጽ ላይ ነው አስተያየት የሚሞላው? ጋሼ ግን ሞሉት። «ምክንያት፦ እናቴ አሟት። አስተያየት፦ እናቱን ጠዋት ቅዳሴ ላይ አግኝቻታለሁ፤ ደህና ናት።» «ምክንያት፦ ቱሪስት ወደ ፋሲል ግንብ መንገድ ጠየቀኝ። አስተያየት፦ ግንቡ ከዚህ ይታያል።» «ምክንያት፦ ባጃጅ አጣሁ። አስተያየት፦ ከባጃጅ ሲወርድ አይቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ስም የሚለው ነገር አሳሰበኝ። በጥናት ሥነ ምግባር የሰው ስም በግልጽ አይወጣም፤ መለያ ይሰጠዋል። በሩ ላይ ሄድኩና «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስም አይጻፉ። ሰውየው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ በመለያ ይተኩት» አልኳቸው።

«በምን መለያ?»

«እርስዎ በሚመችዎት።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

ውጤቱ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። መምህራን ማረፊያ ሞልቷል። የወላጅ መምህራን ኅብረት ሰብሳቢዋ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ በልቤ «የክትትል ማነስ» የሚለውን እንዴት አለስልሼ እንደምነግራቸው አስባለሁ። ሱፐርቫይዘሩም ተጋብዟል። ዳይሬክተሯ መዝገቡን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ተማሪዎች። ከዚያ ገጹን ገለጠችና ድምፅዋ ትንሽ ተቀየረ።

«ባለ ቀይ ጃንጥላዋ። ክፍል፦ ኬሚስትሪ። ሰዓት፦ 2:09። አስተያየት፦ ዝናብ የለም።»

ጃንጥላው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ ቀስ ብላ ከወንበሩ ሥር ከተተችው።

«ራሰ በራው። ክፍል፦ ሁሉም ጋ ይገባል። ሰዓት፦ 2:14። ምክንያት፦ ስብሰባ ነበረኝ። አስተያየት፦ ስብሰባው ሻይ ቤት ነው፤ እንቁላል ፍርፍር ሲበላ ታይቷል።»

በትምህርት ቤታችን ራሰ በራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዞሩት መካከል ፀጉሩ የሚሸሽ የታሪክ መምህርም ነበር፤ እሱ እንኳ አልራራልኝም። ስሜ ቢጻፍ ይሻለኝ ነበር። ስም ከስም ጋር ይመሳሰላል፤ ይህ ራስ ግን ከየትኛውም ራስ ጋር አይመሳሰልም።

እጄን አወጣሁ። «የመረጃው አስተማማኝነት ላይ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «የመለኪያ መሣሪያው ተፈትሿል ወይ? የጋሼ ሰዓት ይቀድም እንደሆነስ?» ጋሼ ተጠሩ። ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ ሬዲዮኑን ከፈቱ፣ ሰዓት እስኪነገር ጠበቅን። ሰከንድ እንኳ አልዛነፈም። «ወታደር ቤት የቀደመም የዘገየም ሰዓት አይታሰርም» ብለው ወጡ። አሁንም ግን ያ ስብሰባ ስብሰባ ነበር ባይ ነኝ። የሥራ ጉዳይ ነበር ያወራነው።

ሱፐርቫይዘሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር፤ ዳይሬክተሯ ቀጣዩን እስክታነብ ድረስ።

«ባለ ቦርሳው እንግዳ። ሰዓት፦ 2:40። ምክንያት፦ ሱፐርቫይዘር ነኝ። አስተያየት፦ ይህ ምክንያት አይደለም።»

ሳቁ ጋብ ሲል ወደ ቁም ነገሩ ገባን። እውነት ለመናገር ቁም ነገሩ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። መዝገቡን ከክፍል ስም መጥሪያው ጋር ስናስተያየው ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ «ውሃ» የሚል ቃል ተደጋግሟል፤ አስተያየቱ ላይ ጋሼ «እውነት ነው፣ እጁ ቀዝቅዟል» ብለዋል። የጎንደርን ውሃ ችግር ማን አጣው? ውሃ የምናገኝበት አንገረብ ግድብ ከከተማው እኩል አላደገም። ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሌሊትም ይመጣል፣ ጎህ ሲቀድም ይመጣል። በመጣ ሰዓት ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ልጁ ነው። እኛ ደግሞ በር ቆልፈን ሁለተኛውንም ክፍለ ጊዜ እናስጠፋዋለን።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያሳፍራል። ውሃ የማይቀዱት ልጆች የሚያረፍዱት በዘፈቀደ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማን እንደሚያስተምር አይተው ነው። ባለ ጃንጥላዋ በምትገባበት ቀን አርፋጁ ይበዛል። ራሰ በራው በሚገባበት ቀንም፣ እንግዲህ መዝገቡ እንደሚለው ከሆነ፣ ይበዛል። አንዱን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስናነጋግረው «ቀድሜ መጥቼ ማንን ልጠብቅ?» አለን።

እትዬ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም። በመጨረሻ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «ታዲያ የኛ ክትትል ማነስ የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። እኔማ ጫማዬን አስር ነበር።

መፍትሔው በእጃችን ያለ ይሁን ተብሎ የለ? ውሃውን እኛ አንለቀውም። በሩን ግን መክፈት እንችላለን። አርፋጅ ሳይቆለፍበት ገብቶ ክፍሉ በር አጠገብ በተቀመጠ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ ያመለጠውንም ከጓደኛው እንዲገለብጥ ተወሰነ። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ መምህር ደግሞ 2:00 ላይ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ይህን ያቀረበችው ራሷ ባለ ጃንጥላዋ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አኩርፌያታለሁ።

አሁን ሁለተኛው ዙር ላይ ነን። ከማሻሻያው በኋላ ያለው ከበፊቱ ጋር መነጻጸር ስላለበት ጋሼ ያንኑ ቅጽ ይዘው ቀጥለዋል። የውሃ ቀጂዎቹ ልጆች ነገር ብዙም አልተለወጠም፤ ቢያንስ ግን ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ አያጡም። የሌሎቹ ማርፈድ ቀንሷል። እኔ ደግሞ መለያ ለማሳሳት ብዬ አራዳ ወርጄ ኮፍያ ገዛሁ።

ትናንት ጋሼ ውሃ ሊጠጡ ገባ ሲሉ መዝገቡን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። «ባለ ኮፍያው ራሰ በራ። ሰዓት፦ 1:48። ምክንያት፦ አልተናገረም። አስተያየት፦ አርፋጅ አይደለም፤ ግን ምን ነካው?»